የተዘጋ ቤት ለማን ይጠቅማል?

የተከበራችሁ የሐይቅ ዳር ከተሞች ነዋሪዎች፣ ቤታችሁን ለእንግዳ የምታከራዩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ባለሆቴሎች፣ ከየማዘጋጃ ቤቱ የመጣችሁ ኃላፊዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የአጭር ጊዜ ኪራይ ጥቅሞች» የሚል ነው። አምስት ጥቅም ዘርዝር፣ ለእያንዳንዱ እኩል ደቂቃ ስጥ ተብያለሁ። አላደርገውም። አንዱ ላይ ረጅም እቆያለሁ፣ ሌሎቹን በሩጫ አልፋቸዋለሁ። ቅር የሚለው ካለ በሻይ ሰዓት ይውቀሰኝ።

ለምን እንደምቆይ ታውቃላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ተናጋሪ ወጡና «ቤታቸውን በቀን ሂሳብ የሚያከራዩ ሰዎች ከተሞቻችንን እየበሏቸው ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። የራሳችን ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ! ዞር ብዬ ሳይ፣ ሁለት ክፍል እያከራየ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው እጁ እስኪቀላ ያጨበጭባል። እየተሰደበ ያለው እሱ መሆኑ የገባው አልመሰለኝም። ያን ቀን መልስ የመስጫ ሰዓት አልነበረም። ዛሬ አለ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የሐይቅ ዳር ከተማን የሚበላት ማነው? ለሦስት ሌሊት መጥቶ የሚያድረው እንግዳ ነው? ወይስ ዓመቱን ሙሉ መስኮቱ ተዘግቶ የሚከርመው ቤት?

የሐይቅ ዳር ከተማን ጠባይ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሙቀቱ ሲመጣ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሰው ሁሉ ባንዴ ይደርሳል። ስልክ የሚያነሳ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ አልጋ የለም። ሰሞኑ ሲያልፍ ደግሞ ጭር ይላል። ሆቴል በዚህ ጠባይ ይቸገራል። ለጥቂቶቹ ግርግር ሳምንታት የሚበቃ ክፍል ከሠራ፣ የቀረውን ዓመት ባዶ ኮሪደር ሲያሞቅና ሲጠርግ ይከርማል። ለጭርታው የሚበቃ ብቻ ከሠራ፣ በግርግሩ ጊዜ እንግዳ ይመልሳል። እዚህ የተቀመጣችሁ ባለሆቴሎች ይህን ሂሳብ በሌሊት እንኳ ታልሙታላችሁ።

የመኖሪያ ቤት ግን ይህ ጣጣ የለበትም። ቤቱ ድሮም አለ። ግድግዳው ቆሟል፣ መንገዱ ደርሶታል፣ ውኃው ገብቶለታል። እንግዳ ሲበዛ ክፍሉ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ለጥቂት ሳምንት ተብሎ ዳርቻው ላይ ሌላ ሲሚንቶ አይፈስም።

ኤርቢኤንቢ የሚባለው፣ አከራይንና እንግዳን በድረ ገጽ የሚያገናኘው ድርጅት እንኳ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የዲዛይነሮች ጉባኤ ነበር። ሆቴሎቹ ሞልተዋል። የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ጓደኛሞች በአየር የሚነፉ ፍራሾች ሳሎናቸው ውስጥ አንጥፈው እንግዳ ተቀበሉ። የእነሱ ግርግር የጥቂት ቀን ጉባኤ ነበር። የእኛ ግርግር በየዓመቱ ይመጣል።

አሁን ወደ ተዘጋው ቤት ልመለስ። ስዊዘርላንድን ውሰዱ። ሐይቅና ተራራ የሞላባት፣ ሀብታም ሁሉ ሁለተኛ ቤት የሚገዛባት አገር ናት። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ይላል፤ በተረፈ መጋረጃው እንደወረደ ነው። ሕዝቡ መረረው። በማርች 11 ቀን 2012 ድምፅ ተሰጠና በ50.6 በመቶ አለፈ፤ በማንኛውም ወረዳ ሁለተኛ ቤት ከጠቅላላው ቤት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ዝርዝር ሕጉ ወጣ፣ ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። 20 በመቶውን ባለፈ ወረዳ ውስጥ አዲስ ሁለተኛ ቤት መሥራት ተከለከለ፤ ነገር ግን ቤቱ በቋሚነት ለአጭር ጊዜ እንግዳ የሚከራይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እየኖረ የሚያከራየው ከሆነ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ጠላታቸውን ለይተው አወቁ ማለት ነው። የጨለመውን ቤት ከለከሉ፣ እንግዳ የሚያድርበትን ቤት አሳለፉ።

ተቃራኒውን ያደረገ ከተማም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ታሆ ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለችው ሳውዝ ሌክ ታሆ። በኖቬምበር 2018 ከቱሪስት ቀጠናው ውጭ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች የአጭር ጊዜ ኪራይ ቀስ በቀስ እንዲቆም ድምፅ ተሰጠ። ያለፈው በ58 ድምፅ ልዩነት ነው። በ2021 መጨረሻ ፈቃዶቹ አለቁ። እንግዳው ተባረረ። ታዲያ ቤቶቹ በሙሉ የነዋሪ ሆኑ? በኖቬምበር 2024 ያችው ከተማ እንደገና ምርጫ ጣቢያ ሄደች። የዚያን ጊዜው ሐሳብ ምን ነበር መሰላችሁ? ከግማሽ ዓመት በላይ ባዶ የሚቆም ቤት ላይ ግብር ይጣል የሚል! እንግዳው ከወጣ በኋላም ባዶ ቤቱ ችግር ሆኖ እዚያው ቆሟል ማለት ነው። የግብሩ ሐሳብ ደግሞ ወደቀ።

በ2025 ፍርድ ቤት የ2018ቱን እገዳ ሻረው። እዚህ ላይ የራሴን ክርክር የሚነካ ነገር ስላለ አልደብቃችሁም። እገዳው የወደቀው ለቋሚ ነዋሪ የተለየ ፈቃድ ሰጥቶ ሌላውን ስለከለከለ ነው። ስለዚህ «የአገሩ ሰው ያከራይ፣ የውጪው አያከራይ» የሚል ደንብ የምትጽፉ ካላችሁ ጠበቃ አማክሩ። «የሚያከራየው ሰው እዚያው ይኑር፣ ስልክ ሲደወል በር ላይ ይድረስ» ማለት ይሻላል። ኒው ዮርክ ከ2023 ጀምሮ ያደረገችው ወደዚህ የቀረበ ነው። ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እንግዳው ባለበት ቤት አብሮ እንዲኖር ታስገድዳለች። ለእኔ ሌላው የሕጓ ክፍል ይበዛብኛል፤ በተለይ እንግዳው ከሁለት አይብለጥ የሚለው። ልጅ የወለደ ቤተሰብ የት ይደር?

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ከእኔ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ አንዲት እናት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቹ በየሥራቸው ርቀዋል። ቤቱ ፎቅ ነው፤ ላይኛው ተዘግቶ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ እርጥበቱ እየወረደ ግድግዳውን ልጦታል። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት አየር ካላገኘ እንዴት እንደሚበሰብስ ታውቁታላችሁ። ገዢ መጣ። ሩቅ የሚኖር፣ ኪሱ የሞላ፣ በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ ሊያርፍበት የፈለገ ሰው። ልጆቹም «ይሽጡት» አሉ። እሳቸው እምቢ አሉ። ትንሽ ተበድረው ጣሪያውን አስጠገኑ፣ ላዩን አስቀቡ፣ አንሶላ ገዙ፣ ለእንግዳ ከፈቱት።

መጀመሪያ ላይ አያድርስ ነው። ፎቶ ማንሳት አይችሉም፤ የለጠፉት የመጀመሪያ ምስል ላይ ግማሹ አውራ ጣታቸው ነበር። ቁልፉን በር ላይ ሳጥን ውስጥ ይተዉት ሲባሉ ተቆጡ። «ቁልፍ በእጅ ነው የሚሰጠው፤ ፊቱን ያላየሁትን ሰው ቤቴ አላስገባም» አሉ። እኩለ ሌሊት የፍል ውኃው መክፈቻ የጠፋበት እንግዳ ቢደውል በሌሊት ልብሳቸው ደረጃ ወጥተው ከፈቱለት። አንዱማ ሞገዱ ይጮኻል ብሎ ኮከብ ቀነሰባቸው። ይህን ሲነግሩኝ ንዴታቸው አሁንም አልበረደም። «ታዲያ ሐይቁን ላጥፋው እንዴ?» ነበር ያሉኝ።

ግን ገንዘቡን ተከተሉት። ድረ ገጹ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ይህን አልክድም፣ አንዳንዴ እኔንም ያንገበግበኛል። የቀረውስ የት ሄደ? አንሶላውን ሰፈር ውስጥ ያለች ሴት ታጥባለች። ጣሪያውን የሠራው የዚያው ከተማ ልጅ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚመጣው የታወቀ ነው። እንግዳው ስለ ጀልባ ሲጠይቅ እሳቸው ወደሚያውቁት ባለጀልባ ይልኩታል፤ ባለጀልባው ልምድ የሌለውን ሰው በማዕበል ቀን እንደማያወጣ ስለሚያውቁ። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ ማብሰያ ስላለው ዘንቢል ይዞ ገበያ ይወጣል። ሌላ ጊዜ የቱሪስት ገንዘብ ዝር የማይልበት፣ ከዋናው ጎዳና ጀርባ ያለ ሱቅ ደንበኛ አገኘ። ያ ቤት ተሸጦ ቢሆን ኖሮስ? በረንዳው ላይ ቅጠል ይጠረቀም ነበር። በክረምት መንገዱ ላይ ስንሄድ አንድ ጨለማ መስኮት ይጨመርልን ነበር። እሳቸውም ከተማው ውስጥ አይኖሩም ነበር።

እና ይህችን ሴት ነው «ከተማ በላ» የምትሏት? መድረክ ላይ ወጥታችሁ በጥቅል ስትሰድቡን እኮ የምትሰድቡት እሷን ነው! ሠላሳ ቤት ገዝቶ፣ ሠላሳ የቁልፍ ሳጥን ሰቅሎ፣ ከተማዋን ረግጧት የማያውቅ ባለገንዘብ አለ። አውቃለሁ። እኔም ከእናንተ በላይ አልወደውም፤ የቆሻሻ ቀን መቼ እንደሆነ አያውቅ፣ እንግዳው ሙዚቃ ሲያስጮህ ስልክ አያነሳ። እሱን ለመቆጣጠር ደንብ አውጡ፣ እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ። ከእኛ ጋር ግን በአንድ ጆንያ አትክተቱን።

የቤት ኪራይ ተወደደ ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ የአሜሪካን ገበያ ያየ፣ በ2021 የታተመ ጥናት አለ። በአንድ ሰፈር የኤርቢኤንቢ ቤቶች ቁጥር በ1 በመቶ ሲጨምር የቤት ኪራይ በአማካይ ሰፈር በ0.018 በመቶ ይጨምራል ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቤቶቹ በፍጥነት ሲበዙ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ዜሮ ነው አልላችሁም። ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት በበዛበት ሰፈር ጭማሪው ያንሳል። የጎረቤቴ ዓይነት ሰው ለረጅም ጊዜ ተከራይ ሊሄድ የነበረ ቤት አልቀማችም። የከፈተችው የራሷን ላይኛ ፎቅ ነው።

ስለ ግርግርም አንድ ነገር ልበል። ኦስትሪያ ውስጥ ሐልሽታት የምትባል የሐይቅ ዳር መንደር አለች። ነዋሪዋ 800 አይሞላም። በግርግር ቀን እስከ 10,000 ሰው ይገባባታል። በኦገስት 2023 ነዋሪዎቹ ሰልፍ ወጡ። በምን ይመስላችኋል? በአውቶቡስ ግር ብሎ ገብቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሳያድር በሚሄደው ሰው። የቀን ጎብኚ ቁጥር ይወሰን፣ አውቶቡሶቹ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አይግቡ ነበር ጥያቄያቸው። የሚያድር እንግዳ ጠዋት ዳቦ ይገዛል፣ ማታ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል፣ የሰፈሩን ስም ይለምዳል። አውቶቡሱ የሚተውልን ጭስና የመጸዳጃ ቤት ወረፋ ነው።

የቀሩትን ጥቅሞች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። ልጆች የያዘ ቤተሰብ አንድ ላይ ማደር ይችላል፤ ሆቴል ሦስት ክፍል ያስይዘው ነበር። አሮጌ ቤት ይጠገናል። ሐኪም፣ መምህር፣ ለጥቂት ሳምንት ሥራ የመጣ ባለሙያ ማረፊያ ያገኛል። ባለሆቴሎች፣ እናንተም በግርግሩ ሳምንት የምትመልሱትን እንግዳ ወደ ጎረቤት ብትልኩት በጭርታው ጊዜ ተመልሶ ይመጣላችኋል። እኔ ራሴ ስንቱን ልኬላችኋለሁ።

ከማዘጋጃ ቤት ለመጣችሁ ደግሞ፤ መዝግቡን። አንፈራም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ደንብ፣ አባል አገር የምዝገባ ሥርዓት ካለው የአከራዩ የምዝገባ ቁጥር በኪራይ ድረ ገጹ ላይ እንዲታይ፣ ድረ ገጾቹም ስንት ሌሊት እንደተከራየ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያደርጋል። ማን ስንት ቤት እንደያዘ ሳታውቁ የምታወጡት እገዳ ሁልጊዜ የሚመታው በቀላሉ የሚገኘውን ሰው ነው፤ ስልክ የምታነሳውን፣ በር የምትከፍተውን። ሠላሳ ቤት ያለው ሰውዬ ጠበቃ አለው።

ከሰዓት በኋላ ለድምፅ የሚቀርበው ረቂቅ በእጃችሁ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ «የአጭር ጊዜ ኪራይ በመኖሪያ ሰፈር ይከልከል» ይላል። በዚያ ፈንታ ሦስት ነገር እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም አከራይ ይመዝገብ። አከራዩ ወይም ኃላፊነት የወሰደ ሰው እዚያው ግቢ ወይም ሰፈር ይኑር፣ ሌሊትም ስልክ ያንሳ። ከግማሽ ዓመት በላይ ተዘግቶ የሚከርም ቤት ደግሞ ለብቻው ይቆጠርና ዝርዝሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ። የማሻሻያውን ጽሑፍ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ደጋፊ ፊርማ ያስፈልገዋል፣ የሚዘጋውም ከምሳ በፊት ነው።

አመሰግናለሁ።