ሚጨበጥ ነገር ስጡን፦ ለአዲስ ተመራቂዎች ቱሉ ዲምቱ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ተመራቂዎች እንኳን ደስ ያላችሁ። ወላጆችም እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ ልጅ ግቢ ሲገባ ከብርድ ልብስ እስከ በሶ የሸከፋችሁት እናንተ ናችሁ። አዳራሹን የፈቀዱልንን የብሎክ ኮሚቴዎች እናመሰግናለን፣ ወንበር እንደማይበቃ ገምተን ነበር ግን እንዲህ ይሞላል አላልንም፣ የቆማችሁ ይቅርታ።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው ምኖረው፣ ምሠራው ደግሞ አቃቂ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሃብት ክፍል። ሲቪያችሁን ከሚያገላብጡት፣ ኢንተርቪው ላይ ፊት ለፊታችሁ ከሚቀመጡት ሰዎች አንዱ ነኝ ማለት ነው። ስለዚ ዛሬ ሞቲቬሽን ምናምን አልሰጥም፣ ትችላላችሁ ሚላችሁ ሰው ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። እኔ ምነግራችሁ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚያይ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደክሞታል፣ ጠዋት ከገባ ጀምሮ ሁሉም አንድ አይነት ነገር ነው ሚነግረው፣ እና አንድ ሚጨበጥ ነገር ሚነግረው ሰው ሲያገኝ የምር ነው ደስ ሚለው።

ከወረቀት እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኢንተርቪው ላይ ወደቅኩ ይላል እንጂ እዛ ሳይደርስ ነው ሚወድቀው። ቴምፖ፣ ያው ጊዜያዊ ዲግሪው፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ያው የውጤት ዝርዝሩ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስለመጣ የሱ ውጤት፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣችሁ ሲኦሲ፣ ያው የብቃት ምዘና ሰርተፍኬቱ፣ ከዛ ፋይዳ መታወቂያ። እነዚህን በደንብ ስካን አስደርጋችሁ በፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይም ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡ። አልጋ ላይ ተዘርግቶ የተነሳ፣ የብርድ ልብሱ አበባ በዳር በዳር ሚታይ የቴምፖ ፎቶ ስንቴ እንደተላከልኝ አትጠይቁኝ።

ስም ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ብዙ ልጅ ሲቃጠል አይቻለሁ። ፀጋዬ ሚባል ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ላይ በቲ ይጀምራል፣ ቴምፖው ላይ በኤስ፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ አጻጻፍ። ገብረ ወይም ወልደ ያለበት የአባት ስም አንዱ ላይ ተያይዞ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ለእናንተ ያው አንድ ሰው ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ሰው ነው። ፎርጅድ ዲግሪ ስለበዛ እኛ ማስረጃውን ወደተማራችሁበት ተቋም ልከን እናጣራለን፣ ስሙ ካልገጠመ ፋይሉ ይቆማል፣ እስኪስተካከል ደግሞ ቀጣዩ ተጠባባቂ ይጠራል። በቃ። ስለዚ ዛሬ ማታ ሁሉንም ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ ልዩነት ካለ አሁኑኑ ሬጅስትራር ጠይቁ፣ ጅማ ወይ ጎንደር የተማረ ሰው ሰኞ መጥተህ ፈርም ሲባል ነው ይሄን ሚጀምረው? አይደርስማ።

ዓመተ ምህረትም እንደዛው። በ2017 ተመርቄያለሁ ብሎ ዝም ያለ ልጅ ኦንላይን ፎርም ላይ የፈረንጅ 2017 ይሆንበታል፣ እና ትናንት የተመረቀው ልጅ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ሆኖ ይነበባል። ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ለኢንተርቪው ሚጠራችሁ ኢሜይል 9:00 ብቻ ካለ የጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሱፉን ግጥም አርጎ ሚመጣ አለ፣ ጠያቂው ፓነል ተበትኖ ሁሉም ወደ ቢሮው ተመልሶ። ደውላችሁ በሐበሻ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ እኛ ራሳችን ስንጽፍ እንሳሳታለን።

አሁን ሥራ ከየት ይገኛል ወደሚለው ስመጣ፣ ድሮ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ መገልበጥ ነበር፣ አሁንም ሪፖርተር እሁድና ረቡዕ ሲወጣ ማየት ጥሩ ነው፣ ኢትዮጆብስም አለ፣ ቴሌግራሙ ደግሞ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ግን አንድ ነገር፣ ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለቪአይፒ ቻናል እያለ በቴሌብር ላክ ሚል ሁሉ ሥራ የለውም። እኔ ሰው ቀጥሬ ብር ምቀበልበት ምክንያት ምንድነው? ደመወዝ ከፋይ እኛ ነን እኮ።

ሌላው ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ምታዩት። ቦሌ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚህ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ ወደ ከተማ ሚጋፋውን ሰው ሳይ ይገርመኛል፣ ምክንያቱም ጀርባችን ላይ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ፋብሪካው ተደርድሯል፣ ወደ ታች ገላን፣ ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን፣ ከዛም አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያውን በሩ ላይ ነው ሚለጥፈው፣ ጥበቃው ጋ ሰላም ብላችሁ ሰሌዳውን ማየት ይከፈልበታል? አይከፈልም። ብዙዎቹ ሰርቪስ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ምሳም ይሰጣሉ። ኦሮምኛ ምትችሉ ደግሞ ሲቪያችሁ ላይ በደንብ አድርጋችሁ ጻፉት፣ በዚህ ዙሪያ ሠራተኛ ሚያስተዳድር፣ ከአካባቢው ቢሮዎች ጋ ሚገናኝ ሰው ስንፈልግ መጀመሪያ ምናየው እሱን ነው፣ ግን ልጆቹ የቤት ቋንቋ ስለሆነ መሰለኝ እንደ ችሎታ አይቆጥሩትም፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ብቻ ጽፈው ያልፋሉ።

ሥራ በዘመድ ነው ትላላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ቅድም ስገባም ሰምቻለሁ። አለ። አልዋሻችሁም። ግን በዘመድ ሚገባው ልጅ ወረፋው ላይ የለም፣ ወረፋው ላይ ያላችሁት እርስ በርስ ናችሁ ምትወዳደሩት፣ ስለዚ እኔ ማወራው ስለዛኛው ወንበር ነው።

ኢንተርቪው። ስለራስህ ንገረን ሲባል ሁሉም ሚለው አንድ ነው፣ ሐርድ ወርከር ነኝ፣ ቲም ፕሌየር ነኝ፣ በፕሬዠር ውስጥ መሥራት እችላለሁ። ድክመትህስ ሲባል ደግሞ ፐርፌክሽኒስት ነኝ። እሺ ቲም ፕሌየር መሆንህን ሚያሳይ አንድ ነገር ንገረን ስንለው ጣሪያ ያያል። ቆንጆ ውጤት ያለው፣ አካውንቲንግ ሦስት ነጥብ ምናምን ያመጣ ልጅ ነው እኮ።

አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች፣ ስሟን አልጠራም፣ ለስቶር ክለርክ ነው ያመለከተችው፣ ውጤቷ መካከለኛ ነው። የስቶር ኃላፊያችን፣ ሰውዬው ብዙ አያወራም፣ ስቶክ ጎደለ ብትባይ ምን ታደርጊያለሽ አላት። ሌላው ቢሆን ለኃላፊዬ ሪፖርት አደርጋለሁ ብሎ ያቆም ነበር። እሷ ግን እናቷ ኮንዶሚኒየም ስር ሱቅ እንዳላት፣ የዱቤ ደብተሩን ምትይዘው እሷ እንደሆነች፣ ለስላሳ ሚያመጣው መኪና በመጣ ቁጥር ሂሳቡ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ እናቷ በሠራተኛዋ ላይ ፊቷን እንዳጠቆረች ነገረችን። ከዛ ምን አደረገች፣ ሙሉውን ሳጥን ብቻ ሳይሆን ባዶ ጠርሙሱንም ለብቻው መቁጠር ጀመረች፣ ለካ ደንበኛ ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ሳይመልስ ይቀራል፣ መኪናው ሲመጣ ደግሞ የጎደለው ጠርሙስ ዋጋ ከሂሳቡ ይቆረጣል። ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፣ ማን ስንት ጠርሙስ ወሰደ ሚል። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። ከዛ ስለ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ጠየቃት፣ 19ኙ ንብረት ሲገባ 22ቱ ሲወጣ እንደሆነ ታውቃለች ግን ሞልታ አታውቅም፣ ሞልቼ አላውቅም አለች፣ በቃ እንደዛው። ተቀጠረች።

ይሄን ምነግራችሁ ሱቅ ያልሠራ አይቀጠርም ለማለት አይደለም። ሁላችሁም የሆነ ነገር ሠርታችኋል፣ ልጅ አስጠንታችኋል፣ ክረምት ላይ ካፌ ቆማችኋል፣ ግቢ ውስጥ የካፌ ኮሚቴ ሆናችሁ ተጣልታችኋል፣ የአባታችሁን ዕድር ገንዘብ ሰብስባችኋል። ያንን ትደብቁና ከኢንተርኔት የሸመደዳችሁትን ታመጣላችሁ። እኛ ደግሞ ያችኛዋን ነው ምንፈልገው፣ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ሆነ። ሌላ አታስረዝሙት። ደግሞ ካፌም ይሁን ሱቅ ተቀጥራችሁ ከሠራችሁ የሥራ ልምድ ጠይቁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቀው በነፃ መስጠት አለበት፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ ሚል። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ብዙ ቦታ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫም ይጠይቃሉ፣ አብራችሁ አስጽፉ።

ያልቻላችሁትን እችላለሁ አትበሉ። አካውንቲንግ ያነበበ ሁሉ ሲቪው ላይ ፒችትሪ፣ ያ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ይጽፋል፣ እኛ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠን አዲስ ካምፓኒ ክፈት እንለዋለን፣ እዛ ጋ ነው ላቡ ሚመጣው። ትንሽ ነክቼዋለሁ፣ አልጨረስኩትም ማለት ምንም አይቀንስባችሁም። እንግሊዝኛም እንደዛው፣ ፓነሉ በእንግሊዝኛ ከጠየቀ በእንግሊዝኛ ጀምሩ፣ ካቃታችሁ ሃሳቤን በአማርኛ ልጨርሰው ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ካለሁበት ፓነል ላይ እንቢ ሲባል አላየሁም፣ ከእኛ ውስጥም እንግሊዝኛው ሚከብደው አለ፣ ይሄን እዚሁ እንተወው።

ደመወዝ ስንት ትፈልጋለህ ሲባል በድርጅቱ ስኬል መሠረት ማለት ይቻላል፣ ስኬል ካለ። ማስታወቂያው በስምምነት ካለ ግን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ከዚህ እስከዛ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ስንት፣ ምሳ ስንት፣ ወረቀት ላይ አስሉት። ያልተጣራ ነው የተጣራ ብላችሁም ጠይቁ፣ ካልተጣራው ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ጡረታ አንከፍልም ሚል አሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላውንም ነገር ጠርጥሩ።

ሴቶች፣ መቼ ነው ምታገቢው፣ ልጅ ትወልጃለሽ ወይ ሚል ጥያቄ አሁንም አለ፣ መጠየቅ የለበትም፣ ግን ይጠየቃል። መልሱ ሥራው ሚፈልገውን ሰዓት መሥራት እችላለሁ ነው፣ እሱን ተናግራችሁ ዝም በሉ። ማብራራት ስትጀምሩ ነው ሚያጣብቋችሁ።

ዋስ። እዚህ ጋ ወላጆችም ስሙኝ። ገንዘብ ያዥ፣ ስቶር፣ ባንክ፣ ዋስ ይጠይቃሉ፣ ቋሚ ደመወዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሚያመጣ ሰው። ልጁ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ዋስ አጥቶ ሚቀር አለ፣ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ድሃው ልጅ ላይ ነው ሚደርሰው። ስለዚ ከተጠራችሁ በኋላ አትሯሯጡ፣ አጎትም ይሁን የሰፈር ሰው ካሁኑ አናግሩ። ዋስ ምትሆኑም ምትፈርሙትን አንብቡ፣ እስከ ስንት ብር ነው፣ እስከ መቼ ነው።

ካለፋችሁ በኋላ ሙከራ ጊዜ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ልብ በሉ፣ የሥራ ቀን ነው፣ እሁድና በዓል አይቆጠርም። በዛ ውስጥ አሠሪው አልሆንክልኝም ካለ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል፣ እናንተም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነህ ሚሏችሁ ካሉ ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ውሉ ራሱ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ጽሑፍ መስጠት እንዳለበትም ሕጉ ይላል።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን፣ ከዛ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አሉ፣ ሲቪ ይዛችሁ የመጣችሁ አምጡና አብረን እናያለን፣ የስም ጉዳይ ያለባችሁም እዛው ኑ። ኦርጅናል ቴምፖ ለማንም አትስጡ፣ ለኛም ቢሆን፣ ኮፒ ይበቃናል። እጅ ያወጣችሁ፣ ከቆሙት እንጀምር፣ እሺ አንተ ነጭ ሹራብ የለበስከው።