ያጠናነው የት ገባ? ትውስታ ትውስታን ሲጋርድ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

እስቲ እሁድ ጠዋትን አስቡ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ፣ ጥቁር ጫማችሁን በሩ ላይ አውልቃችሁ ገባችሁ። ቅዳሴ አልቆ ስትወጡ ደጁ ሞልቷል፤ ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ጫማ፣ አሁንም ጥቁር ጫማ። የእናንተስ? እዚያው ነው! ማንም አልወሰደውም። ግን ከእናንተ በፊት የመጡ አሉ፣ በኋላ የመጡም አሉ፣ ሁሉም ይመሳሰላል። ቀይ ጫማ ቢሆን ኖሮ? በአንድ እይታ ታነሡት ነበር። ሌላ ሰው ባይመጣስ? እስከ ማታ ብትቆዩም ወዲያው ታገኙታላችሁ። ልብ በሉ፣ ያስቸገራችሁ ሰዓቱ አይደለም። ጎኑ የተደረደሩት ናቸው።

ትውስታም እንደዚሁ። አዲሱ ስልክ ቁጥር የድሮውን ሲያስረሳን ወደ ኋላ የሚሠራ ጣልቃ ገብነት እንለዋለን። የድሮው የይለፍ ቃል እየመጣ አዲሱን ሲያስረሳን ደግሞ ወደ ፊት የሚሠራ። ወደ ኋላ የሚሠራውን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሙለርና ፒልዜከር እ.ኤ.አ. በ1900 ጻፉት፤ ወደ ፊት የሚሠራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ አንደርውድ በ1957 አሳየ። እንቀጥል!

በጣም የምወደው ሙከራ የ1924ቱ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠኑ፣ በየዙሩ 10። ነቅተው ሲውሉ ከ8 ሰዓታት በኋላ የቀራቸው አንድ ገደማ ነው። ተኝተው ሲነሡ ግን ከግማሽ በላይ! ጊዜው እኩል ነው እኮ። እንቅልፍ ራሱ ትውስታን እንደሚያጠናክር ዛሬ እናውቃለን፤ ቢሆንም «ጊዜ ብቻውን ያስረሳል» የሚለው ሐሳብ ያኔ ተናግቷል።

አሁን ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት። «አእምሮ ስለሚሞላ ነው የምንረሳው።» አይደለም ወገኖቼ! ቢሞላማ መኪና መንዳት የተማረ ሰው ዳዊቱን ይረሳ ነበር። የሚጋረደው የሚመሳሰለው ነው። ቱልቪንግና ሶትካ በ1971 ሰዎችን በምድብ የተከፋፈሉ ቃላት አስጠኑ፣ ዝርዝር በዝርዝር ላይ እየጨመሩ። ዝርዝሩ ሲበዛ የፊተኞቹ ቃላት ጠፉ። ከዚያ የምድቦቹን ስም ብቻ ሲነግሯቸው የጠፋው አብዛኛው ተመለሰ። ሞልቶ የፈሰሰ ነገር በፍንጭ ይመለሳል? አይመለስም! ቃላቱ እዚያው ነበሩ፣ መድረሻው ነው የጠፋው። ይህን ሙከራ ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» እያለ ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ ብዙ ነውና።

ለማትሪክ የምትዘጋጁ፣ የሚመሳሰሉ ሁለት ምዕራፎችን በአንድ ማታ አትደራርቡ። የከበዳችሁን መጨረሻ ላይ አጥኑና በቀጥታ ተኙ። ሳብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ አንድን ነገር ደጋግሞ ማስታወስ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚያስረሳ እናያለን።