ሃርፕሲኮርድ «ያላለቀ ፒያኖ» ነው እንዴ? የዣን ሮንዶ ነገር

እንዴት ናችሁ ጓደኞቼ! ዛሬ ስለ አንድ ፈረንሳዊ እናወራለን። ዣን ሮንዶ ይባላል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ፤ 1991 ፓሪስ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ ሃርፕሲኮርድ ጀመረ፤ ፒያኖ የሚመስል፣ ቁልፎቹ በጣት ሲጫኑ ክሮቹን የሚቆነጥጥ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ልብ በሉ፣ ፒያኖ አላልኩም፤ ሃርፕሲኮርድ! ብላንዲን ቬርሌ የምትባል ስመ ጥር ተጫዋች ከአሥር ዓመት በላይ አስተማረችው። 2012 ላይ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ቤልጂየም ብሩዥ በሚደረገው የሃርፕሲኮርድ ውድድር አንደኛ ወጣ። በዚህ ሙያ ብሩዥ ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት ልምጣ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር በተደጋጋሚ የመጣ ነገር አለ፦ «ሃርፕሲኮርድ እኮ ፒያኖ ሳይፈጠር በፊት የነበረ ያላለቀ ፒያኖ ነው፤ ዛሬ ለምን ይደክሙበታል?» ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ፒያኖን ጣሊያን ፍሎረንስ ውስጥ ለገዢው የሜዲቺ ቤተሰብ ይሠራ የነበረው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ክሪስቶፎሪ የፈለሰፈው በ1700 አካባቢ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባህ ደግሞ የጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የሚባለውን ዝነኛ ድርሰቱን ያሳተመው መቼ ነው? 1741። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ! የጻፈውስ ለየትኛው መሣሪያ? ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ። ርዕሱ ገጽ ላይ ራሱ ተጽፏል። እናም ፒያኖ እያለ ሃርፕሲኮርዱም ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ የሌላው ረቂቅ አይደለም።

ልዩነቱን እንዲገባችሁ ክራር አስቡ። ክራር ስትገርፉ መግረፊያው ክሮቹን ሁሉ ይነካል አይደል? ታዲያ ዜማው ከየት ይመጣል? ከግራ እጅ! የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ይይዛሉ፣ የሚፈለገውን ይለቁታል። ጥሩ ደርዳሪ ቀርባችሁ ስታዩ፣ ዓይናችሁ ቀኝ እጁ ላይ ይሄዳል፤ ሥራው ግን ግራው ላይ ነው። የትኛው ይጩህ፣ የትኛው ይታፈን፣ መቼ ይለቀቅ። ሃርፕሲኮርድም እንደዚህ ነው፤ ክሩ ይቆነጠጣል እንጂ አይመታም፤ ጥበቡም በማፈንና በመልቀቅ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል። ክራሩን ጠንከር አድርጋችሁ ብትገርፉት ይጮሃል። ሃርፕሲኮርድ ግን ቁልፉን ብትደበድቡትም ድምፁ ያው ነው።

አሠራሩን ቶሎ ልበላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ሲጫን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይነሳል። ዘንጉ ላይ ያለች ትንሽ መቆንጠጫ፣ ድሮ ከወፍ ላባ፣ ዛሬ በብዛት ከፕላስቲክ፣ ክሩን ትቆነጥጣለች። ጣት ሲነሳ ዘንጉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ላይ ያለው ማፈኛ ጨርቅ ክሩ ላይ ያርፋል፣ ጸጥ። ፒያኖ በመዶሻ ይመታል። አለቀ።

ታዲያ ማጮህና ዝቅ ማድረግ የሌለበት ሰው በምን ይናገራል? በጊዜ! ሮንዶን የምወደው ለዚህ ነው። አንዱን ድምፅ ሳይለቅ ሌላውን ይጨምርበታል፣ እና ክፍሉ ይሞላል። ወይም ከሚቀጥለው ድምፅ በፊት ትንፋሽ ያህል ይዘገያል፣ እና ያ ድምፅ የጮኸ ይመስላችኋል። አልጮኸም፤ ጠብቃችሁት ነው! በ2022 ያወጣው የጎልድበርግ ቅጂ ከ100 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። «አዘገየው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ክሩ እስኪሞት የመጠበቅ ድፍረት ያለው ሰው ነው።

ደግሞ ይሄ ልጅ ጃዝም ይጫወታል፣ በፒያኖ። ስለዚህ ፒያኖ አጥቶ አይደለም ሃርፕሲኮርድ ላይ የተቀመጠው።

ለመጀመር «ቨርቲጎ» የሚለውን የ2016 አልበሙን ስሙ። በኢርፎን ስሙት፣ ድምፁን ግን ቀነስ አድርጉ፤ ጣቱ ከቁልፉ ሲነሳ ዘንጉ የሚያሰማትን ትንሽ ኳታ ፈልጉ። ያገኘ ከታች ይጻፍልኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ በሚቀጥለው የሞዛርት ዘመን ፒያኖ ላይ እንገናኛለን።