ኩሽኔታው ሄዷል ተባልኩ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፁ ከረበሻችሁ ይቅርታ። ጅማ ነኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ግን እዚህ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ፖድካስት አይሠራም።

ዛሬ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው የማወራው። አትሳቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ማሽን ጋር ተጣልቼ ነው የከረምኩት፣ ለሌላ ነገር ጭንቅላት አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አዲስ ማሽን ገዛችና አሮጌውን ለእማዬ ላከችው። እማዬ በሳፋ ማጠቡ ብዙም አያስጨንቃትም፤ እንደውም ማሽን የሸሚዝ አንገትጌ ማጽዳት አይችልም ባይ ናት። እሷን የገዛት መጭመቁ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሐሙስም እርጥብ ነው፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ እንደገና ይታጠባል። ማሽኑ ግን በደቂቃ ሺህ ጊዜ ያህል እየዞረ ውኃውን ሲያወጣው፣ ልብሱ በረንዳ ላይ አንድ ቀን ካደረ ይበቃዋል።

ግን የመጀመሪያውን ቀን ልብስ ከትተን፣ አጥቦ አጥቦ መጭመቅ ሲጀምር... ድው! ድው! ድው! ጎረቤት ምን እየፈረሰ ነው ብላ መጣች። ማሽኑ ከግድግዳው ተነስቶ እየተራመደ በሩ ጋ ደረሰ። እውነቴን ነው፣ ሶኬቱን የነቀልኩት እየሮጥኩ ነው።

ባለሙያ ጠራሁ። ሰውዬው መጣ፣ እጁን ማሽኑ ላይ አደረገ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማ። ካቻቢቴውን እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። «ወንድሜ፣ ኩሽኔታው ሄዷል» አለኝ፣ ዋጋ ነገረኝ፣ ሄደ። ኩሽኔታ ማለት ልብሱ የሚገባበት ድራም ያለችግር እንዲዞር የሚይዘው፣ ውስጡ ትናንሽ ኳሶች ያሉት የብረት ቀለበት ነው። እኔም አመንኩት። ለምን እንዳመንኩት ሳስበው፣ በራስ መተማመኑ ነው። እኔ አላውቅም፣ እሱ አልተጠራጠረም፣ አለቀ።

ዋጋው ስለከበደኝ ራሴ እቀይረዋለሁ አልኩና የማሽኑን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ሁለት ኩሽኔታ አለው፣ 6205 እና 6206። የኩሽኔታ ቁጥር ደስ ይላል፤ 6205 የትም አገር ብትሄዱ 6205 ነው፣ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር፣ የውጪው 52፣ ውፍረቱ 15። መርካቶ ሄጄ ቁጥሩን ብቻ ተናገርኩ፣ ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ አወጣልኝ። መርካቶ ስል የጅማውን ነው፣ የአዲስ አበባ ሰዎች እንዳይደናገጡ። በነገራችን ላይ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያን ሄደ፣ የመፍቻ ሣጥኑን ቃላት ግን ጥሎልን ሄደ።

ቤት ገባሁ፣ ኩሽኔታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፣ አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። ከዚያ ላብ ላብ አለኝ። ኩሽኔታ ለመቀየር ድራሙ ያለበትን ትልቁን የፕላስቲክ ገንዳ ማውጣትና ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። አንዳንዱ ማሽን ላይ ደግሞ ገንዳው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ጭራሽ አይከፈትም፤ በመጋዝ ነው የሚቆርጡት። በመጋዝ! ይህን ሁሉ አድርጌ ኩሽኔታው ደህና ቢሆንስ?

ስለዚህ ቆም አልኩ። ሶኬቱን ነቅዬ፣ በሩን ከፍቼ፣ ድራሙን በእጄ አሽከረከርኩት። ዝም። ለስላሳ። የተበላ ኩሽኔታ እኮ በእጅ ሲዞርም ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያጉረመርማል። ከዚያ የድራሙን አፍ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩት፤ ድራሙ ከገንዳው ተለይቶ አልተነቃነቀም። የኋላ ክዳኑን ፈትቼ አየሁ፤ ኩሽኔታ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ፓራኦሊዮው፣ ውኃ እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ ማለት ነው፣ ውኃ እያሳለፈ ቡናማ የዝገት መስመር ይተዋል። ምንም የለም። ደረቅና ንጹህ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው? ወለሉን ጠረጠርኩ። የእኛ መታጠቢያ ቤት ሲሚንቶው ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ ነው። ማሽኑ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጬ እግሮቹን እያዞርኩ አስተካከልኩ፣ ዳዶአቸውን አጠበቅኩ። መራመዱ ቀነሰ፣ ድውድውታው ግን አለ። ልብሱ አንድ ጎን ተከማችቶ ይሆናል ብዬ ባዶውን አስጨመቅኩት። ባዶውንም ድው! የታችኛውን ማጣሪያ ከፈትኩ፣ አንድ ብር ሳንቲም፣ ሁለት የፀጉር መያዣና ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ቁልፍ አገኘሁ። ሳንቲሙን ወሰድኩ። ድምፁ ግን አልሄደም።

እዚህ ላይ ነው እማዬ የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እሱ እኮ የሚንኳኳው መጭመቅ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ከፈጠነ በኋላ ዝም ይላል» አለችኝ።

ቀጥ አልኩ። ሦስት ሳምንት! ድምፁ ምን ይመስላል ብዬ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ፣ መቼ ነው የሚመጣው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እኔ እንደሆንኩ ድው ሲል ሶኬት ነው የምነቅለው፤ መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም። እሷ ግን እኔ ሥራ ስሄድ በሁለት እጇ ይዛው እስኪጨርስ ትጠብቅ ነበር። እማዬ! እየዘለለ ያለ ማሽን በእጅ ይያዛል እንዴ? ተቆጣኋት። አልሰማችኝም።

ግን የነገረችኝ ነገር ሁሉንም ፈታው። የተበላ ኩሽኔታ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ነው ጩኸቱ የሚብሰው። የእኛ ተቃራኒ ነው። ገንዳው ከላይ በሞላ ተንጠልጥሎ፣ ከታች በሾካብዞርበር፣ ማለትም መወዛወዙን በሚያበርድ ዘንግ፣ ተይዞ ነው የሚኖረው። ሞላ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ደግሞ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ድራሙ እየፈጠነ ሲሄድ በዚያ ልክ ማለፍ ግድ ነው፣ ያኔ ገንዳው እንደ እብድ ይናወጣል፣ ካለፈው በኋላ ይረጋጋል። በዚያች ቅጽበት ገንዳውን የሚይዘው ሾካብዞርበሩ ነው።

ክዳኑን አንስቼ ገንዳውን በሁለት እጄ ወደ ታች ተጫንኩትና ለቀቅኩት። ጤነኛ ቢሆን አንዴ ተመልሶ ቀጥ ይል ነበር። የእኛው አራት ጊዜ ዘለለ። አሮጌ ሚኒባስ ጉድጓድ ሲገባ እንደሚያደርገው።

ማሽኑን በፍራሽ ላይ ጋደም አደረግነው፣ ከሥር በስልክ መብራት አየሁ። አንደኛው ሾካብዞርበር ከገንዳው ጋር የሚያያዝበት የፕላስቲክ ፒን ተሰብሮ፣ ሾካብዞርበሩ እንደተሰበረ እጅ ተንጠልጥሏል።

ለምን ተሰበረ? ማሽን ሲጓጓዝ ገንዳው እንዳይወዛወዝ ከኋላ ረጃጅም ቡሎኖች ይገቡለታል፤ ቦታው ሲደርስ ይወጣሉ። እህቴ ጋ ደወልኩ። «አራት ረጃጅም ነገሮች? አዎ፣ ኪችን መሳቢያ ውስጥ አሉ፣ የምን እንደሆኑ ስለማላውቅ አልጣልኳቸውም» አለች። ማሽኑ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አይሱዙ ላይ ሆኖ፣ ወሊሶን ወልቂጤን አልፎ፣ ግቤን ወርዶ ወጥቶ፣ ገንዳው እንደ ደወል እየተወዛወዘ ነው ጅማ የገባው።

ጥገናው? አሳፋሪ ነው። ልኩ የሆነ ፒን ከአንድ የሞተ ማሽን ላይ አገኘሁ፣ አስገባሁት፣ ሃያ ደቂቃ። አሁን መጭመቅ ሲጀምር ትንሽ ያጉተመትማል፣ ከዚያ ይሄዳል። እማዬ አሁንም አጠገቡ ትቆማለች፣ ግን እጇን አታደርግም።

ኩሽኔታዎቹን ልመልስ መርካቶ ሄጄ ነበር፣ ልጁ ሳቀብኝ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ወሰዳቸው፤ ከእንጨት ጋሪ እየሠራ ነው። ትናንት ማታ መጥቶ «አጎቴ፣ ሁለት አይበቃም፣ ሌላ ማሽን አይበላሽም?» አለኝ።