ባሻ ምንም አይሆንም

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ጠፍቼባችኋለሁ። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓሣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኛ ቤት የኖረ ዓሣ። ስሙ ባሻ ነበር። ሞተብን።

ሐዋሳ ላይ ሆኖ ለዓሣ ማልቀስ ከባድ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ብትወርዱ ጀልባዎቹ ያመጡት ቆሮሶ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ ቅርፊቱን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው እስኪያስረክቧችሁ ቢላቸው አይታይም። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞሮች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፣ ጥብሱን የሚጠብቅ አለ። እኔም እበላለሁ። እናም ዓይኔ አብጦ ሥራ ገብቼ «ዓሣችን ሞቶ ነው» ስል፣ አንዱ ባልደረባዬ «ታዲያ ጠበሳችሁት?» አለኝ። በክፋት አይደለም። ግን መልስ አጣሁ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ባሻ ቆሮሶ አልነበረም፤ አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ብለው የሚተዉት ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኛም ቤት እንደዚያ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ላይ አባዬ ዓሣ ሊገዛ አሞራ ገደል ሄዶ፣ ጣት የሚያህል አምባዛ መሬት ላይ ተጥሎ ያያል። ከመረቡ ጋር ተጎትቶ የመጣ ነው። ፈላጊ የለውም። አጥማጁ «ከፈለጉ ይውሰዱት አባባ» አለው። አባዬ የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጦ፣ ከሐይቁ ውሃ ቀድቶ፣ በባጃጅ ይዞት መጣ። ወንድሜ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጠርሙሱን አቅፎ አልለቅም አለ።

ግቢያችን ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለልብስና ለአትክልት የምናጠራቅምበት ነው። እማዬ «እዚህ ውሃዬ ላይ?» ብላ ተቆጣች። አባዬ «የትንኝ ትል ይበላልሻል» አላት። እማዬ ወባ ታማ ታውቃለች። ዝም አለች። ባሻ ገንዳው ውስጥ ገባ።

ስሙን ያወጣችለት አያቴ ናት። አምባዛ አራት ጥንድ ጢም አለው፤ ስምንት ማለት ነው። አያቴ ጎንበስ ብላ አየችውና «እኚህስ ባሻ ናቸው» አለች። በዚያው ቀረ። እስክታርፍ ድረስ አንቱ ነበር የምትለው።

አባዬ ጠዋት ጠዋት መፋቂያውን እንደያዘ ወደ ገንዳው ይሄዳል። በቀለበቱ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ከሥር የሆነ ጥላ ይመጣል። መጀመሪያ ብቅ የሚለው ጢሙ ነው። ቀጥሎ ያ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ራሱ። አየር ይጎርስና በጅራቱ ውሃውን ጧ አድርጎ ይመለሳል። እጃችሁን ብትከቱ በጢሞቹ ይዳስሳችኋል። እንደ ራሰ የጥጥ ክር ናቸው። ጣታችሁን አንድ በአንድ ይነካካል፤ አውራ ጣት ላይ ትንሽ ይቆያል። ዓይኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዓለምን የሚያውቃት በነዚያ ጢሞች ነው። አባዬን በጢሙ ለይቶ ያውቀው ነበር። ይህን ማንም አያስክደኝም።

ጠንካራ ነበር። እንዴት ያለ ጠንካራ! አንድ በጋ ውሃ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ገንዳው እየጎደለ ሄዶ ስንዝር የማይሞላ ዝቃጭ ቀረ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሌላ ዓሣ ቢሆን በዚያ ውሃ ታፍኖ ያልቅ ነበር። አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋጋ ሌላ መተንፈሻ አለው። ወደ ላይ እየወጣ የኛን አየር ይተነፍሳል። ባሻ በዚያ ዝቃጭ ውስጥ ተጋድሞ፣ በየጊዜው ቀና እያለ፣ ውሃ እስኪመጣ ጠበቀ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። ጠዋት አባዬ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ቢያደርግ የለም። ፈለግነው። ወንድሜ ጎመኑ መሐል አገኘው። በክንፉ እየተሳበ፣ ጭቃ ለብሶ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ። በሳፋ አንስተን መለስነው። ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ አምባዛ ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል። እኛ ግን ያኔ ተአምር ነው ያልነው።

«ባሻ ምንም አይሆንም» ማለት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ለለቅሶ ሳምንት ወላይታ ስንሄድ «ማን ያበላዋል?» ሲባል፣ ባሻ ምንም አይሆንም። የሳሙና እጣቢ ተሳስቶ ሲደፋበት፣ ባሻ ምንም አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ እየወሰድን የምናሳየው እንደ ጎበዝ ልጅ ነበር። በእውነት እንኮራበት ነበር።

አሁን ግን ይህች ቃል ትቆረቁረኛለች። ስንናገራት ምርቃት ትመስለን ነበር። ካልናት በኋላ ግን ዞር ብለን አናየውም። ባለፈው ዓመት ጥሪውን ሲሰማ ቶሎ መውጣት ትቶ ነበር። ጅራቱ አካባቢ ነጣ ያለ ነገር ታየ። አባዬ «ባሻን የሆነ ነገር ከብዶታል» አለ። እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል መለስኩለት። ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቁታላችሁ።

ሐዋሳ ታኅሣሥ 19 ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለገብርኤል ከየአገሩ ሰው ይመጣል፤ እኛም ቤት አክስቶቼ ከነልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ቤት ተወለወለ፣ መጋረጃ ታጠበ። ገንዳው ታየኝ። አረንጓዴ፣ የሚያሟልጭ። እንግዳ ምን ይላል? ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ውሃ የመጣበት ቀን ስለነበር፣ ባሻን በሳፋ አወጣሁት። ገንዳውን እስከ ታች አፈሰስኩ። በሽቦ ፈተግኩት። ከዚያ በረኪና ጨመርኩበት። ሁለቴ አለቀለቅኩት፤ በቃኝ አልኩ። ከቧንቧው በቀጥታ ሞላሁትና መለስኩት።

ውሃው እንደ መስታወት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባሻን ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ክንድ የሚያክል። ጀርባው ጥቁር ቡና፣ ሆዱ ወተት። እንዴት እንደሚያምር! በፍጥነት ይዞር ጀመር። ዞረ፣ ዞረ፣ ጎኑን ግድግዳው ላይ አሻሸ። «ደስ ብሎት ነው» አልኩ። ወንድሜ ቪዲዮ ቀረፀው። ቪዲዮው አሁንም ስልኩ ላይ አለ። እኔ ልከፍተው አልችልም። ደስታ አልነበረም። እየተቃጠለ ነበር።

በማግስቱ ከእንቅልፌ የነቃሁት በአባዬ ቀለበት ነው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም። እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ረጅም ዝምታ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመታ ተነሣሁ። ገና ሳልወጣ ገብቶኛል። «ልጄ፣ እስቲ ነይ» አለኝ። በጎኑ ተንሳፏል። ጢሞቹ ውሃው ላይ ተዘርግተዋል፤ ሁሉም በየአቅጣጫው።

ምን እንደገደለው በኋላ ነው የተረዳሁት። ዓሣ የሚያረባ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ሲሚንቶ በረኪና ይጠጣል፤ ቢያለቀልቁትም ቀስ እያለ ይተፋዋል። የቧንቧ ውሃም ክሎር አለው። ክሎር ስንጥብን ያቃጥላል፤ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ደግሞ ቆዳውንም ነው የሚያገኘው። አየር መተንፈስ መቻሉ እዚህ ላይ አይረዳውም። ያ የፈተግኩት አረንጓዴ ነገርስ? ከሱ ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የዓሣውን ቆሻሻ መርዝነቱን የሚያጠፉት። በአንድ ቀን ጠርጌ ጣልኳቸው። ዓሣ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ውሃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትድፉ። ከፊሉን ብቻ ቀይሩ። ከቧንቧ የቀዳችሁትን ሳትከድኑ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ክሎሩ ይተናል። በረኪና በምንም ዓይነት አታስጠጉ። ይህን ያህል ብቻ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

አባዬ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እያለቀስኩ «እኔ ነኝ» ስለው፣ «አንቺማ ንጹሕ ቤት ልታስገቢው ነው» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

የጎረቤት ልጅ «ለአሞራ ወርውሩት» አለን። እውነትም አንድ አባ ኮዳ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። እነሱ ሁሌም ቀድመው ያውቃሉ። አባዬ አልመለሰለትም። ኮባ ቆርጦ መጣ፤ ባሻን ጠቀለለው። አቮካዶው ሥር በዶማ ቆፈረ። ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ፤ ውሻ እንዳያወጣው። ወንድሜ አፈሩን በእጁ መለሰ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጢም አቀምቅሟል፤ ግን እንደዚያ ቀን እንደ ጠርሙሱ ቀን ሆኖ ታየኝ።

የገብርኤል ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። አባዬ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ታላቋ አክስቴ «ምነው ወንድሜ፣ ፊትህ ልክ አይደለም?» አለችው። «ባሻ አርፎብን ነው» አላት። የሰፈር ሰው መሰላት። «ነፍስ ይማር» አለች። አባዬ «አሜን» አለ። አላረማትም። እኔም አላረምኳትም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ባሻ ከሞተ ዐሥር ቀን ግድም ሲሆነው፣ ልብስ ልዘፈዝፍ ከገንዳው ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ጣሳውን ሳልነክር ቆምኩ። ውሃው ላይ የሚርመሰመስ ነገር አለ። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉ፣ ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ሥር የሚሸሹ ቀጫጭን ትሎች። ብዙ ናቸው። እማዬን ጠራኋት። አየቻቸውና ጠርዙን ይዛ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ውሃ ላይ አንድም አይተን አናውቅም።

እማዬ ያን ቀን ገንዳውን በቆርቆሮ ከደነችው። አባዬ አሁንም ጠዋት መፋቂያውን ይዞ ይወጣል። ቆርቆሮውን በቀለበቱ ይመታዋል፤ አንዴ ብቻ። ድምፁ ሌላ ነው።