የአባዬ እጆችና የቮልሷ መሪ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከሻከረ ይቅርታ፤ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ መኪና ስር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።

የማወራችሁ ስለ መሪ ነው። አትደንግጡ፣ ስለ አገር መሪ አይደለም። ስለ ቮልሳችን መሪ ነው።

አባዬ ሲነዳ እጁ አርፎ አያውቅም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ግራ ነካ፣ ቀኝ ነካ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ልክ መወርወሪያ እንደሚያቀባብል ሸማኔ። ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር ሳየው የጎበዝ ሹፌር ምልክቱ ይሄ ነው ብዬ አምን ነበር። እኔም መንዳት የለመድኩት በእሷው ስለሆነ እጄ ያንኑ ያዘ። የሰው መኪና ስነዳ «ምን ያወዛውዝሃል?» ይሉኛል።

ለካ መሪው አልቆ ነው።

የታወቀው ዘንድሮ ለቦሎ ምርመራ ስንወስዳት ነው። መርማሪው መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ወዲያ ወዲህ አደረገው፣ ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም። አራት ጣት ያህል ባዶ ሜዳ። ከመሪው ጠርዝ ላይ ሲለካ የሚፈቀደው 15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። «አባት፣ ይሄ እኮ መሪ አይደለም፣ አስተያየት መስጫ ነው» አለው። አባዬ እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም። እኔ ያልኩት ይመስል!

መኪናዋ በፈረንጅ የ1967 ሞዴል ናት። የመሪ ሳጥኗ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ የተቀረጸበት ዘንግ አለ፣ በጥርሱ ላይ ደግሞ ትንሽ ተሽከርካሪ ትሄዳለች። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነዳው ቀጥታ ስለሆነ የሚበላው የዘንጉ መሃል ነው፤ ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቀራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጋራዥ በወሰድናት ቁጥር ከሳጥኑ አናት ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ያጠብቁና ሂሳብ ይቀበሉናል። መሃሉ ሲጠብቅ ያልተበላው ዳር ደግሞ ይነክሳል፣ ስለዚህ መታጠፊያ ላይ መሪው ይከብዳል፣ ከታጠፍክ በኋላም በራሱ አይመለስም። አባዬ በእጁ ይመልሰዋል። ይሄንንም እንደ ሙያ ነበር የምቆጥረው።

ሳጥኑን ከመወንጀላችን በፊት ግን አጣራን። አባዬ መሪውን እያወዛወዘ እኔ ከስር ተኝቼ አየሁ፦ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ይዞራል፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ዝም። በቃ፣ ሌባው ተያዘ።

መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌ ሳጥን ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «በእጅህ አዙረው» አሉኝ። ደህና ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ሲዞር መሃል ላይ ሲደርስ ትንሽ ጠበቅ ማለት አለበት፣ መሃሉ የሚላላ ከሆነ ያው እንደኛው ያለቀ ነው። አራቱን አዞርኩ፣ አራቱም መሃላቸው ላይ ልል። ሰውየው ራሳቸው «ተወው ልጄ» ብለው ሸኙኝ፣ እንዲህ ያለ ነጋዴ ካያችሁ ደንበኛ ሁኑለት።

በመጨረሻ አዲሱ የመጣው ከዋሽንግተን በአክስቴ ሻንጣ ነው፣ ብራዚል የተሠራ። ብራዚሎች ይህችን መኪና እስከ 1996 ድረስ (በፈረንጅ) ይሠሯት ስለነበር ዕቃዋ አሁንም አለ። አክስቴ 23 ኪሎው እንዳያልፍባት የራሷን ጫማ ትታ መጣች። እስካሁን ታነሳዋለች።

አወጣጡ አሰልቺ ስለሆነ አላስረዝመውም። የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ሾጠጥ ብሎ የተቀረቀረ ነው፣ ዳዶው ቢፈታም አይወጣም፤ የክንዱን ዓይን ከጎን በመዶሻ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው፣ ድንገት ዱብ ይላል። ሳጥኑ ራሱ የፊት አክሰሉ ቱቦ ላይ በማቀፊያ ታስሯል፤ ከመፍታቴ በፊት ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነበር፣ ተመስገን። ከመግጠማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ አዲሱን ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞር ቁጠሩና ግማሹ ላይ አቁሙት፣ ጎማዎቹም ቀጥ ይበሉ። መሃሉን ከሳታችሁት የመሪውን ክብ ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መትከል መፍትሔ አይሆንም፤ ለዓይን ቀጥ ይላል እንጂ ውስጡ ያው ጠማማ ነው።

መሪውን ከሳጥኑ ጋር በምታገናኘዋ ክብ ጎማ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነበረች። ቆይታ ቆይታ ያረጀች፣ ጫፏ የተበላ። የድሮ መካኒክ የረሳት መስላኝ ኪሴ ከተትኳት።

እሁድ አስር ሰዓት ላይ አባዬ «ቁልፉን አምጣ» አለ። ወደ ሳሪስ መንገድ ወጣን። እጁ የለመደውን ጀመረ፣ ግራ፣ ቀኝ። ይቺ መኪና ግን ዘንድሮ ትሰማለች! ግራ ሲል ግራ ሄደች፣ ቀኝ ሲል ቀኝ፣ አንድ ሚኒባስ አጠገባችን መጥቶ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ፋዘር፣ ሰክረሃል እንዴ?» አለው። አባዬ በክላክስ ሊመልስለት ተጫነው። ዝም። ደግሞ ተጫነው። ዝም።

«እጅህን አሳርፍ» አልኩት ቀስ ብዬ። መሪውን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በጣቶቹ ጫፍ ያዘው። ቀጥ ብላ ሄደች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም፣ ከዚያ «እናትህ ሁልጊዜ ያቅለሸልሻት የነበረው ለዚህ ነዋ» አለ።

ያቺ ሽቦ፣ ክላክሱ በመሪው ዘንግ በኩል ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝባት ነበረች፤ ጎማው ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ እሷ ናት የምታሻግረው። ይሄ የገባኝ ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ ነው።

በር ላይ ስንደርስ አባዬ እንደ ልማዱ ሁለቴ ተጫነው። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሚገባው። ጠበቀ። ከዚያ ወርዶ የራሱን በር እንደ እንግዳ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች እማዬ ከውስጥ።