ካርዱ ላይ የተጻፈው 140

የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከሁሉም በላይ ይህን ብርድ ችላችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ እናቶቼና እህቶቼ፤ እንኳን ለጤናማ እናትነት ወር አደረሳችሁ።

ጥር በመጣ ቁጥር እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ እንሰበሰባለን። ባነር እንሰቅላለን፣ ሪፖርት እንሰማለን፣ ገንፎ እንበላለን። በገንፎው ቅሬታ የለኝም። ለዛሬ የተሰጠኝ ርዕስ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የጽንስን ደህንነት ስለመከታተል ነው፤ ብዙ ነጥብም ተዘርዝሮልኛል። እኔ ግን አንዷን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ሌላው ጊዜ ከተረፈ።

ከጓሳ፣ ከጋራ የሳር መሬታችን፣ በታች ካለ ቀበሌ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ሦስተኛ ልጇ ነው፣ ወሯ ገብቷል። ማክሰኞ ማታ ልጁ ዝም አለባት። ያ ልጅ ደግሞ ዝምተኛ አልነበረም፤ እራቷን በልታ ጋደም ስትል መራገጥ የሚጀምር፣ ከባናው ሥር አባቱን ሳይቀር የሚቀሰቅስ ነው። ለአማቷ ነገረቻቸው። «ሊወለድ ሲል ይተኛል ልጄ፣ ጉልበት እያጠራቀመ ነው» አሏት። እሳቸው ላይ አልፈርድም፤ ለእሳቸውም እንዲያ ተብሎ ነው የተነገራቸው። ጎረቤቷም ያንኑ ደገመችላት። እሷ ግን ልቧ አላረፈም። ረቡዕ በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ተነሳች፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ረፍዷል። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ አትጠይቁኝ።

ባለሙያው ግፊቷን ለካ፣ ክብደቷን መዘነ። «ልጁ ዝም ብሎብኛል» አለችው። «ወርሽ ስለገባ ነው፤ ቦታ ጠቦት ነው፤ ቀንሽ ሲደርስ ነይ» አላት። ሆዷን አልነካም። የጽንስን ልብ የምናዳምጥበት ቀንድ መሰል መሣሪያ፣ ፌቶስኮፑ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ነፋስ እንዳይገልጠው መዝገቡ ላይ ተጭኖ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ሴትዮዋ ሁሉን አይታለች።

ዓርብ ወደ እኔ መጣች። ጆሮዬን አኖርኩ፤ ቦታ ቀየርኩ፤ ደግሜ አኖርኩ። የሰማሁት የራሷን የደም ሥር ትርታ ብቻ ነው። በኋላ ካርዷን ገለጥኩት። የረቡዕ መስመር ላይ፣ «የጽንስ የልብ ምት» ከሚለው ሥር፣ በሚያምር ጽሑፍ 140 ተብሎ ተሞልቷል።

መቶ አርባ! የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን ቁጥር እናውቀዋለን፣ አይደለም? የጤነኛ ጽንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል፤ 140 መሐል ላይ ስለሆነ ማንንም አያስጠይቅም። እስቲ ካርዶቹን ደርድራችሁ እዩዋቸው፤ የዚህችም 140፣ የዚያችም 140። ሕፃናቱ ተማክረው ነው እንዴ የሚመቱት?

ረቡዕ ዕለት ልጁ በሕይወት ነበረ ወይ? ማንም አያውቅም። የማናውቀው ስላልሰማን ነው። በሪፖርታችን ላይ ግን ያቺ እናት ክትትል ያደረገች እናት ናት፤ ወደ መቶኛው ገብታለች፤ ጭብጨባም ተጨብጭቦላታል። እናንተ አመራሮች የምትጠይቁን ስንት እናት እንደመጣች ነው። ስንቷን እንዳዳመጥናት አንድ ቀን ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ?

መሣሪያ የለንም እንዳትሉኝ። ፌቶስኮፕ ፒናርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የሠራው ነገር ነው፤ መብራት አይጠይቅም፣ ባትሪ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ሆዱን ዳብሳችሁ የልጁን ጀርባ ፈልጉ። ሰፊውን አፍ እዚያ ላይ አሳርፉ፤ ጆሯችሁን ስታኖሩ እጃችሁን ከፌቶስኮፑ ልቀቁ። በሌላው እጃችሁ የእናትየዋን የደም ሥር ያዙ፤ አለዚያ የሷን ትርታ የልጁ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይደለም፤ ሙሉ ደቂቃ! የጓሳን ሳር እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግቶ፣ በየተራ እየጠበቀ ለልጅ ልጅ ያቆየ አገር ሰው ነን። ሳር የጠበቀ ሰው ለልጅ አንድ ደቂቃ ያጣል?

አሁን ወደ እናቶች ልምጣ። ልጅ ሊወለድ ሲል ይተኛል የሚባለው እውነት አይደለም። ወሩ ሲገባ የሚራገጥበት ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል፤ ከእርግጫ ይልቅ መገላበጥና መግፋት ይበዛዋል፤ መንቀሳቀሱን ግን አይተውም። በሆድ ውስጥም እንቅልፍ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። በየቀኑ ቁጠሩ አልላችሁም፤ ጠባዩን እወቁት። መቼ ይነሳል፣ መቼ ይበረታል? ከለመዳችሁት ከቀነሰባችሁ ሥራውን አቁሙና በግራ ጎናችሁ ጋደም በሉ፤ ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ቀን ኑ። ማታም ከሆነ ማታ። ጭርሱን ዝም ካለ ደግሞ ሁለት ሰዓቱንም አትጠብቁ። «ማርያም ታውቃለች» ብላችሁ አትደሩ፤ ማርያም እየጠራችሁ መንገድ ጀምሩ። ባለሙያው ደህና ነው ብሏችሁ ቤት ገብታችሁ ልጁ እንደገና ዝም ካለ፣ እንደገና ኑ። ሰለቸን የሚላችሁ ካለ እኔ ዘንድ ኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የእርግዝና ክትትሉን ከ4 ጊዜ ወደ 8 ጊዜ ያሳደገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ8ቱ 5ቱ ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ናቸው።

የቀሩትን ነጥቦች ባጭሩ፦ ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ራስ ምታት ከጠናና ዓይን ከደበዘዘ አትዘግዩ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ እናቶች ማቆያ ግቡ። ባሎችም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ አምቡላንስ የምትጠሩት እናንተ ናችሁና ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ።

ለአመራሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በምርመራ ክፍሎቻችን ሰከንድ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት የሌለበት አለ፤ ያለበትም የቆመ ነው። ለሚቀጥለው ጥር ባነር የምታሠሩበትን ብር ለሰዓት አውሉልን። አመሰግናለሁ።